የቀን ምስክር

በሁለት ሺህ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በልጉ አልጣለም። ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። መጋቢት ላይ የመንደሩ የመጨረሻ ሁለት ላሞች ተነድተው ሄዱ። ሚያዝያ ላይ ከሰባቱ ጉድጓዶች አምስቱ አሸዋ አወጡ። የመንደሩ ስም ሰባት ጉድጓድ ነው፤ ስሙን ሊቀይር የመጣ የለም። ለአንድ ቤት በቀን አሥራ አምስት ሊትር ውሃ ይሰፈር ነበር። እኔና ልጄ ጽናት ፊታችንን በአንድ ጣሳ እንታጠብና እጣቢውን በጓሮ ላለች ፓፓያ እንሰጣታለን። ፓፓያዋ ግንቦት ሳይገባ ደረቀች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት የሙቀት ሰዓት ይባላል። አራት ሲሆን ጡሩምባ ይነፋል፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል። መኪና አይንቀሳቀስም። ሕመምተኛ የሚያመላልሰው በራሪም አይነሳም። በሙቀት ሰዓት ውጭ የተገኘ የማግስቱ ውሃ በግማሽ ይቀነስበታል።

የመንደራችን ማቆያ ከገደሉ ማዶ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ቀኗ ሲቃረብ እዚያ ገብታ ትጠብቃለች። አሥራ አራት አልጋ አለው፤ ውሃውም ለአሥራ አራት ነው። የእያንዳንዷ የመውለጃ ቀን በእጇ አምባር ላይ ተጽፏል። ቀኗ አሥር ቀን ሲቀረው አምባሩ አረንጓዴ ይሆናል፤ በሩም ይከፈትላታል። ከዚያ በፊት አይከፈትም። አምባሩ ይናገራል። ድምፁ የሴት ነው። ደግ ድምፅ ነው።

የእኛ አገር ሴት እርግዝና ትደብቃለች። የሰው ዓይን ትፈራለች። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ የምትሄደው ሆዷ ከገፋ በኋላ፣ በስድስትና በሰባት ወሯ ነው። ያኔ ሐኪሙ በማሽን የሚያነሳው የሆዷ ምስል ቀኑን ይሳሳታል፤ ሦስት ሳምንት ወደፊት ወይም ሦስት ሳምንት ወደኋላ። የማቆያው ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ከየመንደሩ አንድ አንድ ሽማግሌ የመረጡት ለዚህ ነው። የቀን ምስክር ይሉታል። ሴቲቱ «የጸነስኩት ከፍልሰታ በኋላ ነው»፣ «በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው» የምትለውን ይሰማል፤ ቤተሰቡን ይጠይቃል፤ ቀኑን ያስመዘግባል። መዳፉን ካሳረፈበት ቀኑ አይነቃነቅም። የማቆያው በርም ለመዳፉ ይከፈታል።

የእኛ መንደር የቀን ምስክር ኪሩቤል ነበር።

ኪሩቤል ጓደኛዬ ነበር። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ባለቤቴ ሶልያና ጽናትን ስታምጥ ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ነበር። ያኔ ዝናብ ነበር። የቃሬዛ ማኅበራችን አራት ሰው አወጣ። የፊቱን ሁለት እጀታ የያዝነው እኔና ኪሩቤል ነበርን። ገደሉ አፋፍ ላይ አዳለጠኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ ወለቀ። ኪሩቤል የእኔንም እጀታ ጨምሮ ይዞ ወረደ፤ ወጣ። ግራ ትከሻው ያን ቀን ተሰበረ። አጥንቱ ጠሞ ገጠመ፤ እስከ ዛሬ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሎ ነው የሚሄደው። ሶልያና ተረፈች። ጽናት ተወለደች። ሶልያና ካረፈች አሁን ስድስት ዓመቷ ነው።

በቃሬዛ ማኅበር ሕግ ትከሻ የሚመለሰው በትከሻ ነው። በገንዘብም፣ በበግም አይመለስም። እኔ የምመልስበት ቀን አልመጣልኝም። የኪሩቤል ሚስት ልጆቿን ከተማ ወለደች፤ እናቱ በአልጋዋ ላይ አረፈች። በኋላ በራሪው መጣና ማኅበሩ ፈረሰ። ቃሬዛው እኔ ቤት ጣሪያ ሥር ቀረ።

«ያብስራ፣ ያቺ ትከሻዬ መቼ ነው የምትመለሰው?» ይለኝ ነበር ውሃ ሰልፍ ላይ፣ ሰው እየሰማ።

«ስትሞት እሸከምሃለሁ።»

«ሬሳ ተሸክሞ ዕዳ አይከፈልም! ቃሬዛ ለሕያው ነው።»

«እንግዲያው ታመም።»

«አልታመምልህም! ዕዳህን ይዘህ ትሞታለህ።»

ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ግን እሱ ካለው ቃል ወጥቼ አላውቅም። ዕዳ ያለበት ሰው ድምፁ ዝቅ ይላል።

የጽናት ባል ናሆም ነሐሴ ሃያ ቀን ባሕሩን ወደሚገታው ግንብ ሥራ ሄደ። የሁለት ዓመት ውል ነው፤ በመካከሉ መመለስ የለም። ጽናት ማርገዟን ያወቀችው ከሄደ በኋላ ነው። ለእሱ ወዲያው ነገረችው። ለሌላ ሰው ግን አትናገሪ አልኳት። እናቷም ብትኖር የምትላት ይህንኑ ነበር። የካቲት መጨረሻ ላይ ሐኪም አያት፤ ምስል ተነሳች። በዚያው ሳምንት ኪሩቤል ቤት ሄጄ በጆሮው ነገርኩት።

«ከነሐሴ ሃያ ወዲህ ባል ቤት ውስጥ የለም። ቢዘገይ ቢዘገይ ግንቦት አሥራ አንድ ነው።»

«ቆጥሬ ይዤዋለሁ» አለኝ።

አምባሩ መጣ። ሰኔ ሁለት ይላል።

ተመልሼ ሄድኩ። «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምስሉ ነዋ። ምስሉን እኔ አላነሳሁት።»

«የነገርኩህስ?»

«ተናግሬያለሁ። ማሽኑ ካንተ ጣት ይበልጣል አሉኝ። ምን ላድርግ?»

ይህን ሲል የዘመመ ትከሻውን አየሁት። ወጣሁ።

የሴቶቹ ቀን ውሃ መቅጃው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ሁሉም ያየዋል። የናሆም እህትም አየችው። በሦስተኛው ቀን ናሆም ደወለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ሰኔ ሁለት ነው አሉ» አለ።

«ተሳስተው ነው፣ ናሆምዬ።»

«ወደኋላ ቆጠርኩት። መስከረም ላይ ነው የሚያርፈው።»

«ተሳስተው ነው አልኩህ!»

«መስከረም ላይ እኔ የት ነበርኩ፣ ጽናት?»

መልስ ሳይጠብቅ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ስትደውልለትም አያነሳም። ውሃ ሰልፍ ላይ ሴቶቹ ሰላም ይሏታል፤ ሰላም ካሏት በኋላ ግን ሰሌዳውን ያያሉ።

እኔም ቆጠርኩ። መደበቅ አልፈልግም። ሽንብራ በሰሐን አድርጌ፣ አንዱን ፍሬ ለአንድ ቀን፣ ከሰኔ ሁለት ወደኋላ ደረደርኩ። ጽናት ከጓዳ ወጥታ ቆማ አየችኝ።

«አባዬ፣ አንተም?»

«ማሽን ለምን ይዋሻል ብዬ ነው» አልኳት።

ሽንብራውን አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ማሰሮው መለሰችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረችኝም።

ግንቦት ዘጠኝ ቀን ጠዋት ወገቧን ይዛ ነበር። ሆዷ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ይለቃል፤ ተመልሶ ይጠጥራል። ልብሷ ላይ ከደም ጋር የተቀላቀለ ወፍራም ፈሳሽ አየች። ወይዘሮ ብሌንን ጠራኋት። ብሌን ጎረቤታችን ናት፤ አምባር ሳይመጣ በፊት በየቤቱ እየዞረች ሴቶችን የምታይ የጤና ሠራተኛ ነበረች። ስድሳ ዓመቷ ነው። ክንዷ የወንድ ነው።

አምባሩ ቀደማት። «ወይዘሮ ጽናት፣ ቀንዎ ሃያ ሦስት ቀን ይቀረዋል። ያለዎት ሐሰተኛ ምጥ ነው። እባክዎ በግራ ጎንዎ ይተኙ፤ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ።»

«ሁለት ብርጭቆ!» አለች ብሌን። «ከየት አባቷ?»

የራሷን ውሃ አምጥታ አጠጣቻት። አስተኛቻት። አስነስታ አራመደቻት። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ የግድግዳውን ሰዓት ታይ ጀመር።

«ሐሰተኛው ሲያርፉ ይተዋል፤ ሲራመዱም ይተዋል» አለችኝ። «ይሄ አልተወም። በአሥር ደቂቃ ነበር የሚመጣው፤ አሁን በስድስት ነው።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ።

«ሽንት ሊሆን ይችላል» አለ አምባሩ። «አይጨነቁ።»

ብሌን አምባሩ ላይ ነጠላ ጠመጠመችበት። ደግማ ሆዷን ዳሰሰች፤ ፊቷ ተለወጠ። ወደ በሩ ወሰደችኝ።

«ልጁ ወሩን ጨርሷል። ጭንቅላቱ ግን ላይ ነው ያለው፤ የሚመጣው በመቀመጫው ነው። እኔ እዚህ ላዋልዳት ብል አንገቱ ይያዝብኛል። ማቆያ ካልገባች ሁለቱንም ታጣለህ።»

ማቆያ ደወልኩ። የመለሰልኝ የአምባሩ ድምፅ ነው። «ቀናቸው አልደረሰም። ሲደርስ በደስታ እንቀበላቸዋለን።» ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስት ጊዜ በደስታ እንቀበላቸዋለን አለኝ።

ጡሩምባው ሲነፋ ኪሩቤል በር ላይ ደርሼ ነበር። በሩ ላይ እርጥብ ጆንያ ተሰቅሏል፤ ቤቱን እንዲያቀዘቅዝ። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። በዚያ ወር ጆንያ በውሃ የሚነክር ሌላ ሰው በመንደሩ አልነበረም።

«ጽናት ምጥ ይዟታል» አልኩት።

«ቀኗ ገና…»

«ቀኗን ለእኔ አትንገረኝ። ለአንተ የነገርኩህ እኔ ነኝ።»

መደቡ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ የውሃ ወረፋ እንደሚናገር ሰው ተናገረ።

«በግንቦት የሚወልዱት ሃያ ዘጠኝ ሆኑ። አልጋው አሥራ አራት ነው። የማቆያው ሰዎች መጡ። ምስሉ በሦስት ሳምንት ይሳሳታል አይደል? የመጨረሻውን ጫፍ ያዝ፤ በሰኔ ሊዘንብ ይችላል አሉ። ውሸት አይባልም አሉ፤ በልኩ ውስጥ ነው። አሥራ አምስቱን ገፋኋቸው።»

«አሥራ አራቱን ማን መረጠ?»

እግሩን ወደ መደቡ ሥር ሰበሰበ።

«ምራትህ የት ናት፣ ኪሩቤል?»

«ማቆያ» አለ፤ ወደ መሬት እያየ።

«ነሐሴ ሃያ ብዬህ ነበር። ሰኔ ሁለት ስትል ልጄን ምን እንደሚያሰኛት ታውቅ ነበር።»

«ትዳር ይታረቃል ብዬ ነው። አልጋ ግን አይጨመርም።»

«ከመንደሩ ሁሉ ለምን የእኔን ልጅ?»

ቀና ብሎ አየኝ። የዋሸ አልመሰለኝም። «ሌላው ይከሰኛል» አለ። «አንተ አትከሰኝም።»

ትከሻውን ያነሳው አስቦ ይሁን ሳያስብ አላውቅም። አነሳው ግን።

«ተነስ» አልኩት። «መዳፍህን እፈልገዋለሁ።»

ቃሬዛውን ከጣሪያ ሥር አወረድነው። ጠፍሩ ደርቋል፤ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፤ ግን ይዟል። ሦስተኛው ሰው ዳግም የሚባለው የጉድጓድ ጠጋኝ ሆነ፤ ሳንጠራው ድምፁን ሰምቶ ከጎረቤት መጣ። አራተኛ አላገኘንም። ሰው በሩን ዘግቶ ተኝቷል፤ ያንኳኳሁባቸው ሁለት ቤቶች አልከፈቱም።

ብሌን የኋላውን እጀታ ያዘች።

«ሴት ቃሬዛ አትሸከምም ይባል ነበር» አለ ኪሩቤል፤ ከልማድ ነው።

«አዎ፣ ይባል ነበር» አለች። «ሰኔ ሁለትም ይባል ነበር። አንሳ!»

አነሳን። እኔና ኪሩቤል ከፊት፣ ዳግምና ብሌን ከኋላ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ጥላችን እግራችን ሥር ገብቷል። የጫማ ሶል ድንጋዩ ላይ ይጣበቃል። ጽናት ነጠላ ነክሳለች። ነጠላ የተጠመጠመበት አምባር ከውስጥ ሆኖ ይናገራል፦ «የሙቀት ሰዓት ነው። እባክዎ ወደ ቤትዎ ይመለሱ።»

ገደሉን ስንወርድ፣ ምጡ ለቀቅ ባደረጋት ጊዜ፣ ነጠላውን ከአፏ አወጣች።

«ጋሼ ኪሩቤል።»

«አቤት፣ ልጄ።»

«ለመስከረሙ ማንን አሰቡልኝ?»

የትንፋሹን ድምፅ ብቻ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ መቼም አንድ ሰው ሳያስቡልኝ አይጽፉም። ማን ይሁን?»

«ዝም በይ፣ የእኔ እናት» አለች ብሌን። «ትንፋሽሽን ቆጥቢ።»

የገደሉ ሥር ድሮ ወንዝ ነበር። አሁን ነጭ ድንጋይ ነው። እዚያ አረፍን፤ አንድ አንድ ጉንጭ ውሃ ጠጣን። ለኪሩቤልም ሰጠሁት። ዳገቱን ስንጀምር እግሩ መጎተት ያዘ። ላብ አልነበረውም፤ ፊቱ ደርቋል። ብሌን ከኋላ ሆና «ያን ሰውዬ እዩት» አለች። አየሁት። አልቆምኩም።

አፋፉ ላይ ወጥተን የማቆያው ግንብ ከታየን በኋላ በጉልበቱ ወደቀ። እጀታውን ሳይለቅ ነው የወደቀው፤ ጽናትን ቀስ አድርጎ አሳረፋት። ከዚያ ተጋደመ። እስከ በሩ አራት መቶ እርምጃ ያህል ይቀረናል።

«ሂዱ» አለ።

እዚያ አንድ የደረቀ ግራር አለ። ግንዱ ጥላ ሥር ጎትቼ አስተኛሁት። ከዚያ ሁለቱን የፊት እጀታ እኔ ያዝኩ። ሰባ ዓመቴ ነው። በር ድረስ እንዴት እንደደረስን ዝርዝሩን አላስታውስም።

የማቆያው በር ብረት ነው። ጽናት እጇን አስጠጋች። «ቀንዎ ሃያ ሦስት ቀን ይቀረዋል» አላት አምባሩ። ዳግም በድንጋይ ደበደበው። ከውስጥ የሰው ድምፅ ተሰማ፤ ሴት ናት። «እኔም ከውስጥ መክፈት አልችልም! በሙቀት ሰዓት አይታዘዘኝም! ምስክራችሁ የት አለ?» ትላለች።

ብሌን በጽናት ጭን መካከል አየች። «የልጁ መቀመጫ ታየ» አለች።

ተመለስኩ።

ኪሩቤል ዓይኑን ገልጦ ነበር። ተንበርክኬ ክንዶቹን በአንገቴ አዞርኩ፤ አዘልኩት። ቀሎኝ ነበር። እሱን የሚያህል ሰው ያዘልኩ አልመሰለኝም። የተሰበረው ትከሻ አጥንት ጀርባዬን ይወጋኛል።

«ተወኝ፣ ያብስራ» አለ በጆሮዬ። «ተወኝ። ይገባኛል።»

«የሚገባህን አልጠየቅኩህም። ዝም በል፤ አትሙት።»

አራት መቶ እርምጃውን ቆጠርኩ። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ተንበረከክሁ። አላወረድኩትም። ካወረድኩት እንደማላነሳው አውቅ ነበር።

በሩ ላይ መዳፉን ይዤ አሳረፍኩት። በሩ አላወቀውም። መዳፉን አፈር ሸፍኖታል። ምራቄን ተፍቼ በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ ደግሜ አሳረፍኩት።

ተከፈተ።

ብሌንና ዳግም ጽናትን ይዘው ሮጡ። ኪሩቤልን ከግንቡ ጥላ ሥር አስቀምጬ ገባሁ። አሥራ አራቱን አልጋ አየሁ። ሦስቱ ባዶ ነበሩ።

ልጁ በዘጠኝ ሰዓት ተወለደ። ወንድ ነው። መጀመሪያ አላለቀሰም። አዋላጇ እግሩን ይዛ ጀርባውን አሸችው፤ አፉን ጠረገች፤ እኔ ግድግዳውን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ አለቀሰ።

ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ይመዝናል። የውስጥ እግሩ መስመር ወሩን እንደጨረሰ ልጅ ሙሉ ነው። ጥፍሩ አድጎ ከጣቱ ጫፍ አልፏል።

አዋላጇ ሰሌዳዋ ላይ ስትሞላ አየኋት። ከቀኑ ሃያ ሦስት ቀን ቀድሞ የተወለደ፣ ይላል።

«ጥፍሩን ጻፊው» አልኳት።

«ምን አሉኝ፣ አባት?»

«ጥፍሩ አልፏል። ብሌንም አይታዋለች። ያልደረሰ ልጅ እንዲህ ያለ ጥፍር የለውም። ጻፊው።»

«ልክ ነዎት» አለች። ሰሌዳዋን ወደ ታች ገፋች፤ ወደ ላይ መለሰች። «ግን ለጥፍር ቦታ የለውም። ቀኑን መለወጥ የሚችለው ምስክሩ ነው፤ ወይም ምስክሩ ተከሶ ሲረታ።»

ጽናት ጠራችኝ። ልጁን ደረቷ ላይ አድርጋዋለች። ፊቷ የሶልያናን ይመስል ነበር። የልጁን ሁለት እጆች ይዛ ወደ እኔ ዘረጋቻቸው።

«እንካ» አለች። «አሁን ቁጠር።»

ቆጠርኩ። አሥር ጥፍሮች ናቸው። አሥሩም አልፈዋል። እጆቹን ደረቷ ላይ መለስኳቸው።

አሥር ሰዓት ሲሆን የሙቀት ሰዓት ማብቂያው ጡሩምባ ተነፋ። ወጣሁ። ለኪሩቤል ውሃ ሰጥተውታል፤ ግንቡን ተደግፎ ተቀምጧል። የራሱን መዳፍ ያያል። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ፤ አልቻለም። አጠገቡ ቆምኩ። አልተቀመጥኩም።

«ወንድ ነው አሉኝ» አለ።

«ወንድ ነው።»

«ጽናትስ?»

«አለች።»

ጠቅላላ መንደሩ ከገደሉ ማዶ ይታያል። በሮች እየተከፈቱ ነው። ሰው ባልዲ ይዞ ወደ ውሃው ይወጣል። ከአሥራ አምስቱ ሌሎቹ አሥራ አራቱ እዚያው ናቸው፤ ሰኔ እስኪመጣ።

«ያብስራ» አለኝ። «ሬሳ አልነበርኩም።»

«አልነበርክም።»

«እንግዲያው ትከሻዬ ተመለሰች። ሕጉ ይህ ነው።»

«ተመለሰች።»

«እንግዲህ እኩል ነን።»

«እኩል ነን» አልኩት። «አሁን እከስሃለሁ።»